ጥራት ቢወርድም ገቢ አይወርድም፦ የጉግል ፍለጋ የጉዳይ ጥናት

በ2020 ጉግል በራሱ የፍለጋ አገልግሎት ላይ አንድ ጥናት አካሄደ። የፍለጋው ጥራት በጉልህ ቢወርድ ገቢው ምን ይሆናል? ውጤቱ፣ ጥራቱ ብዙ ቢቀንስም ኩባንያው ከፍለጋ የሚያገኘውን ገቢ እንደማያጣ አሳየ። ነገሩ የታወቀው የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አሚት ሜህታ ኦገስት 5 ቀን 2024 በሰጡት ውሳኔ ላይ ስላሰፈሩት ነው። ዳኛው እንደጻፉት፣ ደንበኛ ይሸሸኛል ሳይል ዋጋ መጨመር መቻል የሞኖፖሊ ምልክት እንደሆነ ሁሉ፣ ደንበኛ ይሸሸኛል ሳይል ጥራት መቀነስ መቻልም ያው ምልክት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኢንተርኔት መድረኮች ከጊዜ ወደ ጊዜ ለምን እንደሚከፉ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ስግብግብነት ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ብዙ አያስረዳም። ትርፍ ፈላጊነት ጉግል ሲመሠረትም ነበረ፤ ያኔ ግን ያው ፍላጎት ፈጣንና ንጹሕ ገጽ ያሠራ ነበር። ስለዚህ መፈለግ ያለበት በመሐል የተለወጠው ነገር ነው። ለዚህ ከሌሎች መድረኮች ይልቅ ጉግልን የመረጥነው፣ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ኦክቶበር 20 ቀን 2020 በመሠረተው የሞኖፖሊ ክስ ምክንያት የውስጥ ደብዳቤዎቹ፣ ውሎቹና የጨረታ አሠራሩ በመሐላ ቃል ታጅበው አደባባይ ስለወጡ ነው። የብዙዎቹ መድረኮች ሆድ ዕቃ ይህን ያህል ተገልጦ አልታየም።

ገቢው ከምን ይሠራል

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ስታንፎርድ ሳሉ ባወጡት የምርምር ጽሑፍ፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር የፍለጋ ሞተር በባሕርዩ ወደ አስተዋዋቂው እንደሚያደላና ከፈላጊው ጥቅም እንደሚርቅ አስጠንቅቀው ነበር። ኦክቶበር 2000 ላይ ኩባንያቸው በ350 አስተዋዋቂዎች የራሱን የማስታወቂያ ሥርዓት ጀመረ፤ በ2002 ክፍያው በክሊክ የሚቆጠር ጨረታ ሆነ፤ ኦገስት 2004 ላይ አክሲዮኑ በ85 ዶላር ለሕዝብ ቀረበ። መሥራቾቹ ብዙ ድምፅ የሚሰጥ የአክሲዮን ዓይነት ለራሳቸው ስላስቀሩ፣ “ዎል ስትሪት አስገደደን” የሚለው ሰበብ እዚህ ጉዳይ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ቢሆንም የእያንዳንዱ ሩብ ዓመት ገቢ ካለፈው ዓመት ጋር እየተነጻጸረ መታየት ጀመረ፤ የሠራተኛው ክፍያም ከፊሉ በአክሲዮን ስለሆነ ቁጥሩ የሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን የመሐንዲሱም ጉዳይ ሆነ።

ከፍለጋ የሚገኝ ገቢ የአራት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ ስንት ፍለጋ ተካሄደ፣ በአንድ ፍለጋ ስንት ማስታወቂያ ታየ፣ ከታዩት ውስጥ ስንቱ ክሊክ አገኘ፣ ለአንድ ክሊክ ስንት ተከፈለ። ገበያው ገና እየሰፋ ሳለ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን ሁሉንም ይሸከማል። አዲስ ሰው ወደ ኢንተርኔት በገባ ቁጥር ፍለጋ ይጨምራል፤ ጥራት ያለው ሞተርም ተፎካካሪዎቹን ጥሎ ያድጋል። በዚህ ዘመን የፈላጊው ጥቅምና የባለአክሲዮኑ ጥቅም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ።

በ2020 ግን ጉግል በአሜሪካ ከሚካሄደው ፍለጋ 89.2 በመቶውን፣ በሞባይል ደግሞ 94.9 በመቶውን ይዞ ነበር። ከተፎካካሪ ነጥቆ የሚያድግበት ቦታ አልቀረውም ማለት ነው። ይሁንና ጉግል “ፍለጋና ሌሎች” በሚለው መደብ ያስመዘገበው ገቢ በ2019 ከነበረበት 98.1 ቢሊዮን ዶላር በ2024 ወደ 198.1 ቢሊዮን ደረሰ። በአምስት ዓመት እጥፍ ሆነ፤ የኢንተርኔት ተጠቃሚው ሕዝብ ግን እጥፍ አልሆነም። የቀረው ዕድገት ከሌሎቹ ሦስት ቁጥሮች መምጣት ነበረበት፤ ከእነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ወይ ፈላጊው ነው ወይ አስተዋዋቂው።

ገጹ ላይ የሆነው

ሁለተኛውን ቁጥር እንይ። ፌብሩዋሪ 2016 ላይ በኮምፒውተር ስክሪን በስተቀኝ ይታዩ የነበሩት ማስታወቂያዎች ተነሡ፤ በምትኩ የመግዛት ፍላጎት በግልጽ በሚታይባቸው ፍለጋዎች ከውጤቱ በላይ እስከ አራት ማስታወቂያ መደርደር ተፈቀደ። ጎን ላይ ያለ ማስታወቂያ ዓይን ሊያልፈው ይችላል፤ አናት ላይ ያለውን ለማለፍ ግን ገጹን ወደ ታች መሳብ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ቁጥር ቀስ ብሎ የተነካ ነው። ድሮ ማስታወቂያው ከበስተጀርባው ቀለም ነበረው። 2013 ላይ ቀለሙ ተነሥቶ “ማስታወቂያ” የምትል ትንሽ ቢጫ ምልክት ቀረች፤ በ2016 ምልክቷ አረንጓዴ ሆነች፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ የሚጻፍበትን ቀለም ያዘች፤ በ2017 መደቧ ጠፍቶ ጠርዟ ብቻ ቀረ፤ በ2019 በሞባይል ላይ ተራ ጥቁር ጽሑፍ ሆነች። ጃንዋሪ 2020 ላይ ይኸው ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ ከእያንዳንዱ ተራ ውጤት ጎንም የድረ ገጹ ትንሽ አርማ ተጨመረ፤ ማስታወቂያና ውጤት በአንድ እይታ የማይለዩ ሆኑ። ተቃውሞው ስለበረታ ኩባንያው በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አርማዎቹን ከኮምፒውተር ላይ እያነሣ መሞከር ጀመረ። ጥቁሩ ጽሑፍ ግን እንዳለ ቀረ። እያንዳንዱን ለውጥ ብቻውን ያየ ዲዛይነር በቂ ምክንያት ሊሰጥለት ይችላል፤ አቅጣጫቸው አንድ መሆኑ የሚታየው ሲደረደሩ ነው።

ከማስታወቂያው ሌላ የኩባንያው የራሱ ሳጥኖች አሉ። ዘ ማርክአፕ የተባለው የምርመራ ድርጅት በ2020 ከ15,000 በላይ የተለመዱ ፍለጋዎችን በሞባይል ስክሪን መጠን ለክቶ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ስፋት 41 በመቶው ለጉግል የራሱ አገልግሎቶችና ራሱ ለሚሰጣቸው መልሶች የተያዘ መሆኑን አገኘ። ይህን መሰል ልኬት ለማንኛውም መድረክ መሥራት ይቻላል። ቋሚ የፍለጋ ዝርዝር ያዙ፤ ታሪክ በሌለው ብራውዘርና በአንድ የስክሪን መጠን ፈልጉ፤ ሙሉ ገጹን በምስል አስቀምጡ፤ ከዚያ ከላይኛው ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ያልተከፈለበት የውጭ ሊንክ ድረስ ስንት ፒክስል እንዳለ ቁጠሩ። በየሦስት ወሩ ከተደገመ፣ ስሜትን ሳይሆን ቁጥርን ይዞ መከራከር ይቻላል። የማስታወቂያን ብዛት ብቻ መቁጠር ግን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሳይለወጥ የእያንዳንዱ ቁመት ሊያድግ ይችላልና።

ጨረታው ውስጥ ያሉት ሦስት ብሎኖች

አራተኛው ቁጥር፣ የክሊክ ዋጋ፣ ለፈላጊው ፈጽሞ አይታይም፤ ለአስተዋዋቂውም ቢሆን በከፊል ብቻ ነው የሚታየው። የጉዳዩ ዋና ገንዘብ እዚህ ስላለ ረጋ ብለን እንየው።

ጨረታው በመሠረቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫራች ለአንድ ክሊክ የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ ያስገባል። ሥርዓቱ ማስታወቂያው ክሊክ የማግኘት ዕድሉን ይገምታል፤ ሁለቱን አባዝቶ ነጥብ ይሰጣል። አሸናፊው የሚከፍለው ያስገባውን ዋጋ ሳይሆን ሁለተኛውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ነው። ለምሳሌ ያህል የራሳችንን ቁጥር እንውሰድ። አንደኛው 4 ዶላር አስገብቶ የክሊክ ዕድሉ 5 በመቶ ቢሆን ነጥቡ 0.20 ነው። ሁለተኛው 3 ዶላርና 3 በመቶ ቢኖረው 0.09 ያገኛል። አንደኛው አሸንፎ የሚከፍለው 0.09 ሲካፈል ለ0.05፣ ማለትም 1.80 ዶላር ነው።

አሁን የተሸናፊውን የክሊክ ዕድል ከ3 በመቶ ወደ 4 በመቶ ከፍ አድርጎ የሚያስብ ማስተካከያ እናስገባ። የተሸናፊው ነጥብ 0.12 ይሆናል፤ አሸናፊው ያው አሸናፊ ነው፤ የሚከፍለው ግን 2.40 ዶላር ሆነ። ማንም ተጫራች ምንም ሳይለውጥ ዋጋው በሲሶ ጨመረ። ጉግል ውስጥ የሚጠቀሙበት ይህ ዘዴ የኋለኛውን ወደ ፊተኛው በማስጠጋት የሚሠራ ሲሆን፣ በችሎቱ ከተገለጹት ሦስት የዋጋ ብሎኖች አንዱ ነበር። ሁለተኛው በጨረታው ላይ ዕጣ የመሰለ ነገር ይጨምራል፦ አንደኛውና ሁለተኛው ነጥባቸው ከተቀራረበ አንዳንዴ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቦታውን ማጣት የማይፈልግ ተጫራች ልዩነቱን ለማስፋት ከፍ ያለ ዋጋ ያስገባል። ሦስተኛው ለማስታወቂያው ቅርጽ፣ ለምሳሌ ለስልክ ቁጥርና ለተጨማሪ ሊንኮች፣ ዋጋ የሚያስከፍል ነው።

የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ጄሪ ዲሽለር ሴፕቴምበር 2023 ላይ በሰጡት ምስክርነት፣ ለአስተዋዋቂዎች ሳይነገር ዋጋ በ5 በመቶ፣ ለአንዳንድ ፍለጋዎችም እስከ 10 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አምነዋል። ጭማሪው በትንሽ በትንሹ ሲገባ አስተዋዋቂው የገበያው ግለት ይመስለዋል። ፍርድ ቤቱም ኩባንያው ዋጋውን ሲያስተካክል የተፎካካሪዎችን ዋጋ እንደማያይ ጽፎ፣ ይህን ማድረግ የሚችለው ሞኖፖሊ ብቻ ነው ብሏል።

በተጨማሪም አንድ ቁልፍ ቃል የገዛ አስተዋዋቂ ትርጉማቸው ተቀራራቢ ናቸው በተባሉ ሌሎች ፍለጋዎች ጨረታ ውስጥም ይገባል፤ “የጻፍኩት ቃል ብቻ” ብሎ ሙሉ በሙሉ መውጣት አይችልም። ተጫራች በበዛ ቁጥር የአሸናፊው ክፍያ እንደሚጨምር ከላይ ካለው ስሌት ግልጽ ነው። መከላከያው የማይፈለጉ ቃላትን አንድ በአንድ ዘግቶ መመዝገብ ነው፤ ሆኖም ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ የፍለጋ ቃላት ሪፖርቱ ብዙ ሰው ያልፈለጋቸውን ቃላት መደበቅ ጀመረ። የማያዩትን ቃል መዝጋት አይቻልም። የድብቁን መጠን ማወቅ የሚፈልግ በሪፖርቱ የተዘረዘሩትን ክሊኮች ደምሮ ከዘመቻው ጠቅላላ ክሊክ ላይ ይቀንስ፤ ቀሪው በየትኛው ቃል እንደተከፈለ የማይታወቅ ገንዘብ ነው።

ፍሬኑ የት ነበር

ማስታወቂያ ያለ ገደብ ሊበዛ የማይችልበት ምክንያት ነበረ፤ ጉግልም በደንብ ያውቀዋል። ተመራማሪዎቹ በ2015 ባሳተሙት ጥናት የተለያዩ የተጠቃሚ ቡድኖችን ለረጅም ጊዜ የተለያየ የማስታወቂያ መጠን አሳይተው፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት ገጽ በመመለስ የክሊክ ልዩነታቸውን ለኩ። ብዙና ደካማ ማስታወቂያ ሲያዩ የቆዩት ማስታወቂያ ማለፍ ተምረዋል፤ ወደ መደበኛው ገጽ ሲመለሱም አይነኩም። የአጭር ጊዜ ሙከራ ይህን ስለማያሳይ ማስታወቂያ መጨመር ሁልጊዜ ትርፍ ያስመስላል። በውጤቱ መሠረት ኩባንያው በሞባይል ፍለጋ ላይ የማስታወቂያውን መጠን በ50 በመቶ ቀነሰ። ሊወደስ የሚገባው ሥራ ነው። የፈላጊው መሰላቸት በሒሳቡ የሚገባው ግን ወደፊት በሚጠፋ ክሊክ ተመንዝሮ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ማስታወቂያው ከውጤቱ የማይለይ ከሆነ ደግሞ ሰው ማለፍን ሊማር አይችልም፤ የምልክቷ መደብዘዝና ይህ ጥናት አብረው ሲነበቡ ፍሬኑ በሌላ በኩል እንደላላ ይታያል። ይህኛው ድምዳሜ የእኛ ነው፤ በፍርዱ ውስጥ የለም።

የመጀመሪያው ቁጥር፣ የፍለጋ ብዛት፣ የራሱ ወጥመድ አለው። የማይክሮሶፍት የፍለጋ ሞተር የሆነው የቢንግ ባለሙያዎች በ2012 እንዳሳተሙት፣ በአንድ ሙከራ ላይ በስህተት የገባ የፕሮግራም ችግር ውጤቶቹን እጅግ ደካማ አደረጋቸው። ከዚያ ምን ሆነ? በአንድ ተጠቃሚ የሚካሄደው ፍለጋ ከ10 በመቶ በላይ፣ ከአንድ ተጠቃሚ የሚገኘው ገቢ ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። ሰው መልሱን ሲያጣ ደግሞ ይፈልጋል፤ ውጤቱ ሲከፋ ማስታወቂያው በንጽጽር የተሻለ ይመስላል። ባለሙያዎቹ በዚህ ምክንያት የፍለጋ ብዛትን ለሦስት ከፈሉት፦ የተጠቃሚ ብዛት፣ አንድ ተጠቃሚ ተመልሶ የሚመጣበት ብዛት፣ በአንድ አመጣጥ የሚያካሂደው የፍለጋ ብዛት። ሁለተኛው እንዲያድግ፣ ሦስተኛው እንዲቀንስ ይፈለጋል። የፍለጋ ብዛትን በጥቅሉ ዒላማ ያደረገ ድርጅት በጎውንና መጥፎውን አንድ ላይ እየደመረ ነው።

ጉግል ውስጥ በ2019 የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ የፍለጋ ገቢ ከታቀደው በታች በመሆኑ “ቢጫ ኮድ” የሚባለው የውስጥ ማስጠንቀቂያ ታወጀ። የፍለጋው ኃላፊ ቤን ጎምዝ በጻፉት ኢሜይል፣ የፍለጋ ብዛትን በአጭር ጊዜ ለመጨመር ቀላል መንገድ እንዳለ ገለጹ፦ የፊደል ስህተት ማረሚያውን መዝጋት፣ የደረጃ አሰጣጡን ማሻሻያዎች ማጥፋት። ይህን ያሉት እንዲደረግ ሳይሆን መለኪያው መጥፎ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ቡድናቸው ለምርቱም ለኩባንያውም ከሚበጀው በላይ በማስታወቂያ ጉዳይ እየገባ እንደሆነም ጻፉ። በ2020 የማስታወቂያው ዘርፍ ኃላፊ ፕራብሃካር ራጋቫን ፍለጋውንም ደርበው ያዙ፤ ጎምዝ ወደ ትምህርት ነክ ሥራ ተዛወሩ። አንዳንዶች ከእነዚህ ኢሜይሎች ተነሥተው ኩባንያው ያን ዓመት ውጤቱን ሆን ብሎ አበላሸ ይላሉ። ሰነዶቹ እስከዚያ አይወስዱም፤ ክርክራችንም ይህን አያስፈልገውም። የገቢ ክፍሉ የምርት ክፍሉን ዒላማ መጠየቅ መቻሉ በራሱ በቂ ማስረጃ ነው።

ነባሪነት የተገዛበት ዋጋ

እስካሁን ያየናቸው ግፊቶች በቢንግም ላይ አሉ። ልዩነቱ፣ ቢንግ ቢከፋ ተጠቃሚው ይሄዳል። ጉግል ቢከፋ ለምን አይሄድም? መልሱ በአብዛኛው በውል ተጽፏል።

በ2021 ጉግል በብራውዘሮችና በስልኮች ላይ ነባሪ የፍለጋ ሞተር፣ ማለትም ተጠቃሚው ሳይመርጥ አስቀድሞ ተሞልቶ የሚመጣው፣ ለመሆን 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ከተቀባዮቹ ውስጥ አፕል፣ ሳምሰንግ፣ ሞዚላና የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ይገኙበታል። አፕል ብቻውን በ2022 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር አገኘ፤ ክፍያው የሚሰላው ከሳፋሪ ፍለጋ ማስታወቂያ ገቢ 36 በመቶ ተደርጎ ነበር። በቀላል ስሌት በአፕል ብራውዘር በኩል ያለፈው ፍለጋ በዓመት ወደ 56 ቢሊዮን ዶላር አስገኝቷል ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ እንዳረጋገጠው በአሜሪካ ከሚካሄደው ፍለጋ ግማሽ ያህሉ በእነዚህ ውሎች በተያዙ መግቢያዎች፣ ሌላ 20 በመቶው ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ባወረዱት የጉግል ብራውዘር ክሮም በኩል ያልፋል።

ነባሪነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው ተቃራኒው ምሳሌ ነው፦ ማይክሮሶፍት ቢንግን ነባሪ አድርጎ በሚያቀርበው ኤጅ ብራውዘር ላይ የቢንግ ድርሻ 80 በመቶ ያህል ነው። ጉግል ራሱም በ2020 ባሰላው ግምት በአፕል መሣሪያዎች ላይ ነባሪነቱን ቢያጣ በእነዚያ መሣሪያዎች ከሚያገኘው ፍለጋ ከ60 እስከ 80 በመቶውን፣ በተጣራ ገቢም ከ28.2 እስከ 32.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያጣ ተንብዮ ነበር። ሰው የሚመርጠው ስለሚሻል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ትንበያ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። ክፍያው ቋሚ ዋጋ ሳይሆን የማስታወቂያ ገቢ ድርሻ ነው። ስለዚህ በገጹ አናት ላይ አራተኛ ማስታወቂያ ሲጨመር አፕልም ያገኛል፤ የክሊክ ዋጋ በ5 በመቶ ሲወጣ የአፕልም ድርሻ ይወጣል። ጉግልን ሊቀጣ የሚችለው አንድ ትልቅ አካል፣ የራሱን ሞተር ሊሠራ ወይም ሌላ ሊመርጥ የሚችለው ድርጅት፣ ከመበላሸቱ የሚጠቀም ሸሪክ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያና በ2020 መካከል ተለወጠ የምንለው ዋናው ነገር ይህ ነው። ጥራት ላይ የሚወጣው ገንዘብ ፈላጊውን ለማቆየት ያገለግል ነበር፤ ያንኑ አገልግሎት ውል ሲሰጥ ጥራት ከአስፈላጊ ወጪነት ወደ ፈቃደኝነት ይወርዳል።

ኒቫ የተባለው ጀማሪ ኩባንያ ይህን ግድግዳ ገጭቶ አይቷል። ከመሥራቾቹ አንዱ ስሪዳር ራማስዋሚ የጉግልን የማስታወቂያ ንግድ የመሩ ሰው ናቸው፤ ማስታወቂያ የሌለውና በክፍያ የሚሠራ ፍለጋ ለማቅረብ ኩባንያውን በ2019 መሠረቱ። ሥራውን ያውቃሉ፣ ገንዘብም አላጡም። በሜይ 2023 አገልግሎቱን እንደሚዘጉ ሲያስታውቁ የገለጹት ዋና ችግር የቴክኖሎጂ አልነበረም፤ ሰውን ከነባሪ ምርጫው ማስነሣት ነበር የከበዳቸው።

ይዘቱን የሚያቀርቡትስ?

የፍለጋ ሞተር ሸቀጡን አያመርትም፤ ሌሎች የጻፉትን ነው የሚደረድረው። እነዚያም ጸሐፊዎች በዚሁ ገበያ ውስጥ ናቸው። የላይፕሲሽና የቫይማር ተመራማሪዎች በ2024 ባቀረቡት ጥናት 7,392 የዕቃ ግምገማ ፍለጋዎችን ለአንድ ዓመት በጉግል፣ በቢንግና በዳክዳክጎ ተከታትለው፣ አናት ላይ የሚወጡት ገጾች በአማካይ ለፍለጋ ሞተር ይበልጥ የተቀናበሩ፣ በኮሚሽን ሊንክ ይበልጥ የተሞሉና በጽሑፍ ጥራታቸው ዝቅ ያሉ መሆናቸውን አገኙ። ይኸው ጥናት ጉግል ከሁለቱ ተፎካካሪዎቹ የተሻለ እንደሆነም አሳይቷል፤ የቆሻሻ ይዘት ማጽጃ እርምጃዎቹ ይሠራሉ፣ ግን ውጤታቸው ቶሎ ይተናል። ነቃፊዎች ይህን ግማሹን መጥቀስ አይወዱም። ዳኛ ሜህታም የጉግል ሞተር በጥራቱ የላቀ መሆኑን ተቀብለዋል። “ከሌሎቹ ይሻላል” እና “ሊሆን ይችል ከነበረው ያነሰ ነው” የሚሉት ሁለት አባባሎች አይጋጩም።

ለድረ ገጽ ባለቤት የከፋው ጎብኚ መቅረቱ ነው። ስፓርክቶሮ የተባለው የጥናት ኩባንያ በ2024 ባወጣው ልኬት፣ በአሜሪካ ከሚካሄዱ የጉግል ፍለጋዎች 58.5 በመቶው ያለ አንድም ክሊክ ያበቃሉ፤ ከ1,000 ፍለጋ ወደ ውጭ ድረ ገጽ የሚሄደው ክሊክ 360 ብቻ ነው። ሜይ 2024 ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፈው ማጠቃለያ በውጤቱ አናት ላይ ወጣ። ፒው የምርምር ማዕከል በ2025 እንደለካው ማጠቃለያ በታየበት ፍለጋ ሰዎች ተራውን ሊንክ የሚነኩት በ8 በመቶ ጊዜ ነው፤ ባልታየበት በ15 በመቶ።

እዚህ ላይ የቴክኒክ ዝርዝሩ ወሳኝ ነው። አንድ ድረ ገጽ ይዘቱ ለጉግል ሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል በሮቦት መመሪያ ፋይሉ ላይ ለብቻው መከልከል ይችላል። ያ ክልከላ ግን ፍለጋው ውስጥ ያለውን ማጠቃለያ አያቆምም፤ ማጠቃለያው የሚመገበው ለተራው ፍለጋ ከሚሰበሰበው ይዘት ነውና። ከእሱ ለመውጣት በሊንኩ ሥር የሚታየውን ቅንጭብ ጽሑፍም መከልከል ያስፈልጋል፤ ያለ ቅንጭብ የቀረ ሊንክ ደግሞ ክሊክ ይቀንስበታል። አቅራቢው ከሁለት ኪሳራ አንዱን ይመርጣል፤ 90 በመቶውን ፍለጋ ለያዘ ገዥ አልሸጥም ማለት በተግባር መዝጋት ነው።

ፍርዱ የነካውና የተወው

በአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 በጉግል ላይ የ4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ከተወሰነ በኋላ አዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የምርጫ ስክሪን፣ ማለትም ተጠቃሚው የፍለጋ ሞተሩን ራሱ የሚመርጥበት ገጽ፣ መጣ። መጀመሪያ ተፎካካሪዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት መጫረት ነበረባቸው፤ በ2021 ነጻ ሆነ። ተጠቃሚው አንድ ጊዜ፣ ስልኩን ለመክፈት ሲቸኩል፣ የሚያውቀውን ስም ይነካል። የጉግል ድርሻ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

የአሜሪካው የመፍትሔ ውሳኔ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2025 ወጣ። መንግሥት የጠየቀው የክሮም ሽያጭ ተቀባይነት አላገኘም። ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎች ተከለከሉ፤ ለነባሪነት መክፈል ግን ተፈቀደ፤ ክፍያው ቢቆም አፕልና ሞዚላን የመሰሉ ተቀባዮች ይጎዳሉ የሚለው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የምርጫ ስክሪን አልታዘዘም። ዳኛው ክሱ ሲጀመር ያልነበረው የቻትቦቶች ፉክክር ሁኔታውን እንደለወጠው በስፋት ጽፈዋል።

ከላይ ካየናቸው ብሎኖች አንጻር ሲታይ ውሳኔው ግማሽ ነው። ጉግል በማስታወቂያ ጨረታው ላይ የሚያደርጋቸውን ዐበይት ለውጦች ለሕዝብ እንዲገልጽ ታዟል፤ በድብቅ በ5 በመቶ ማሳደግን የሚያከብደው ይህ ነው። አስተዋዋቂዎች የጻፉትን ቃል ብቻ የሚገዙበትን አማራጭ እንዲመልስ ግን አልተገደደም፤ ዝርዝር የፍለጋ ቃላት መረጃም እንዲሰጣቸው አልታዘዘም። ብቁ ለተባሉ ተፎካካሪዎች ከፍለጋ ማውጫውና ከተጠቃሚዎች ክሊክ የተሰበሰበ የተወሰነ መረጃ ይሰጣል፤ የማስታወቂያ መረጃ አይጨምርም። ስለዚህ በዚህ መረጃ ተደግፎ ጥሩ ፍለጋ የሠራ ተፎካካሪ የማስታወቂያ መረጃውን ራሱ ከባዶ መሰብሰብ አለበት፤ በነባሪነት ጨረታም ከሳፋሪ ፍለጋ ገቢው 36 በመቶውን ለአፕል ሲያካፍል ከነበረው ተቀናቃኙ ጋር በጠባብ ገቢው ይወዳደራል።